ነጭ ሙሌት ሁሉ አንድ አይደለም

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ሄሉ፣ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

 

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጥርስ ሙሌት እንድናገር ሲመርጠኝ አንዳንዶቻችሁ «ባለሱቅ ከመቼ ወዲህ ነው የጥርስ ሐኪም የሆነው?» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ጂፕሰምና ማጣበቂያ ስሸጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ልጄ ደግሞ ናይሮቢ የጥርስ ሕክምና ትማራለች። ለዕረፍት ስትመጣ መጽሐፎቿን ባንኮኒው ላይ ትተዋቸዋለች፤ እኔም ገበያ ሲቀዘቅዝ እያገላበጥኩ ያልገባኝን እጠይቃታለሁ። ያገኘሁት ነገር አስገርሞኛል። ሐኪሞች ጥርስ የሚሞሉበት ዕቃና እኔ ከመደርደሪያ አውርጄ የምሸጠው ዕቃ በባሕርያቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ለዚህ ንግግር መነሻ የሆነው ግን እናንተው የምታስታውሱት የዕድር ቀን ክርክር ነው። ሁለት እኅቶቻችን መንጋጋቸውን አስሞልተው ነበር፤ አንዷ በዚህ በኩል፣ ሌላዋ በወዲያኛው በኩል። ሁለቱም «ነጭ ሙሌት» ነው የተባሉት። አንደኛዋ የከፈለችው ከሁለተኛዋ እጥፍ በላይ ነበር። በርካሽ ያስሞላችው ዓመት ሳይሞላው ተሸርፎባት «ተታለልኩ» ስትል፣ በውድ ያስሞላችው ደግሞ «ለአንድ ዓይነት ዕቃ እጥፍ የከፈልኩት እኔ እንጂ የተታለልኩት!» ብላ መለሰች። ጉባኤው ሳቀ። እኔ «ነጩ ምን ዓይነት ነጭ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም አላወቁም። ካርዳቸውን አምጥተው አየን፤ የተጻፈው «ሙሌት» ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እንደተታለለ ማንም ሊፈርድ አልቻለም።

ነጭ የቀለም ስም ነው እንጂ የዕቃ ስም አይደለም። ሱቄ ውስጥ ኖራ ነጭ ነው፣ ጂፕሰም ነጭ ነው፣ ነጭ ሲሚንቶም አለ፣ የግድግዳ ቀለምም ነጭ አለ። አንድ ሰው መጥቶ «ከነጩ ሁለት ኪሎ ስጠኝ» ቢለኝ ምን እንደምሰጠው አላውቅም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ነጭ የሚባሉት ሙሌቶች እንዴት እንደሚመደቡ፣ የትኛው ለየትኛው ጥርስ እንደሚሆንና ከሐኪሙ ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የለመዱት እሱን ስለሆነ።

ጥርስን በጥርስ ቀለም መሙላት የትናንት ነገር አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለፊት ጥርስ የሚሆን ሲሊኬት ሲሚንቶ የሚባል ነበረ። የብርጭቆ ዱቄት በፎስፎሪክ አሲድ ተለውሶ የሚሠራ ነው። መልኩ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ምራቅ ቀስ በቀስ እያሟሟ ይበላዋል። ያም ሆኖ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሲሊኬት በተሞላ ጥርስ ጠርዝ ላይ ጥርሱ እንደገና ሲበሰብስ ብዙ አይታይም ነበር። ምክንያቱ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ቀስ እያለ ወደ ጥርሱ ስለሚወጣ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። በኋላ በ1940ዎቹ ደግሞ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ መጣ። እሱ ሲጠነክር ይኮማተርና ከጥርሱ ጠርዝ ላይ ክፍተት ይተዋል። በክፍተቱ ምራቅና ተሕዋስያን እየገቡ ጥርሱ ከሥር ይበላል። ሁለቱም ዛሬ ከአገልግሎት ወጥተዋል።

ዛሬ በክሊኒክ የምናገኛቸው ነጭ ሙሌቶች ግን የእነዚህ የሁለቱ ዘሮች ናቸው። አንደኛው የሲሚንቶ ወገን ነው፤ ዱቄትና ፈሳሽ ተገናኝተው በራሳቸው ይጠነክራሉ። ሁለተኛው የፕላስቲክ ወገን ነው፤ በአብዛኛው በመብራት ይጠነክራል። የቀሩት በሁለቱ መካከል የተወለዱ ድቅሎች ናቸው።

የሲሚንቶው ወገን ስሙ ግላስ አዮኖመር ነው። ለንደን በሚገኘው የመንግሥት ኬሚስት ላቦራቶሪ አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሠርተውት በ1972 ለጥርስ ሐኪሞች አስተዋወቁት። ከሲሊኬቱ የብርጭቆውን ዱቄት ወሰዱ፤ በፎስፎሪክ አሲዱ ፈንታ ግን ፖሊአክሪሊክ የሚባል ለዘብ ያለ አሲድ አስገቡ። ትልቁ በረከቱ በራሱ ከጥርስ ጋር መጣበቁ ነው። አሲዱ በጥርሱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ይያያዛል፤ ሌላ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ፍሎራይድም በዚህ ውስጥ አለ። ሙሌቱ ፍሎራይድ ለጥርሱ ይሰጣል፣ ከጥርስ ሳሙናው ደግሞ መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ግላስ አዮኖመር የተሞላ ሰው ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ማታና ጠዋት መቦረሹ እጥፍ ጥቅም አለው። መፋቂያችንን አልነቅፍም፣ እኔም አልተውኩትም፤ ነገር ግን መፋቂያ እንደ ሳሙናው ያህል ፍሎራይድ የለውም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? በኃይለኛ ማኘክ ይሰበራል፣ ይበላል። መልኩም ፈዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን እንደ ጥርስ አያሳልፍም፤ የፊት ጥርስ ላይ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ያስታውቃል። ሌላው የአለዋወሱ ነገር ነው። እዚህ ያላችሁ ግንበኞች ትመሰክራላችሁ፤ ፉንዲው ሥራው እንዲቀለው ውኃ ሲያበዛ ሲሚንቶው ምን ይሆናል? ግላስ አዮኖመርም እንዲሁ ነው። ዱቄቱ ሲያንስና ፈሳሹ ሲበዛ ለመሙላት ይመቻል፣ ጥንካሬው ግን ይወድቃል። አሁን በፋብሪካ ተለክቶ በካፕሱል የሚመጣ አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ልኩ ግን አይዛባም። እንደ ሲሚንቶም ገና እያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙ ሞልቶ ሲጨርስ ላዩን ቫርኒሽ ወይም ቫዝሊን የሚቀባው ምራቅ ቶሎ እንዳያገኘውና እንዳይደርቅበት ነው። «ለአንድ ሰዓት ምንም እንዳትበላ» ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ቀን ከሌሊት ያስፈልገዋል። እንደወጡ ቆሎ የሚቆረጥሙትን አይቻለሁ።

ሁለተኛው ወገን ኮምፖዚት ይባላል። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልዩነቱም ዋጋውም ሰፊ የሆነው እዚህ ነው። መሠረቱ የሁለት አሜሪካውያን ሥራ ነው። ማይክል ቡኦኖኮሬ በ1955 የጥርስን ላይኛ ሽፋን በአሲድ ለአጭር ጊዜ ብናሻክረው ፕላስቲክ ሊይዝ እንደሚችል አሳየ። እኛም ለስላሳ ግድግዳ ላይ ምርጊት አልይዝ ሲል በመዶሻ እንጠረጥረው የለ? ነገሩ ያው ነው። ከዚያም ራፋኤል ቦወን በ1962 ከአክሪሊኩ ያነሰ የሚኮማተር ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገርን ከብርጭቆ ዱቄት ጋር የሚያዋሕድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

ኮምፖዚት ማለት ኮንክሪት ማለት ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ሬዚኑ የሲሚንቶውን ቦታ ይይዛል፤ የብርጭቆው ብናኝ እዚህ ኮኮቶ የምንለው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ከሬዚኑ እንዳይላቀቅ እያንዳንዱ ብናኝ ሲሌን በሚባል ማያያዣ ይለበጣል። ጠጠሩ በበዛ ቁጥር ሙሌቱ ይጠነክራል፣ መኮማተሩም ይቀንሳል። በ1983 ሉትዝና ፊሊፕስ የተባሉ ምሁራን ኮምፖዚቶችን የመደቡት በዚሁ በጠጠራቸው መጠን ነበር፤ እስከ ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፖዚቶች ጠጠራቸው ሸካራ ነበር፤ ከ10 እስከ 50 ማይክሮን ይደርስ ነበር። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። እነዚህ ጠንካራ ነበሩ፤ ነገር ግን ላዩ ሲታኘክበት ሬዚኑ ያልቅና ጠጠሩ ብቅ ይላል። ከዚያ ይሻክራል፣ የሻይና የቡና ቀለም ይይዛል። ቀጥለው 0.04 ማይክሮን ብቻ የሆነ እንደ ጭስ የላመ ብናኝ ያለባቸው መጡ፤ ማይክሮፊል ይባላሉ። እንደ መስተዋት ይወለወላሉ፣ ለፊት ጥርስ ግሩም ናቸው፤ ለመንጋጋ ግን አቅም የላቸውም። አሸዋ ብቻ ያለው ኮንክሪት ማለት ናቸው። ቀጥሎ ሁለቱን የቀላቀለው ሃይብሪድ መጣ፤ ደቃቁ በሸካራው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ጥሩ ፉንዲ አሸዋና ኮኮቶ የሚያመጣጥነው ለምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ገበያ ላይ የበዙት የጠጠራቸው መጠን ይበልጥ ያነሰ ሃይብሪዶችና ናኖ የሚባሉት ናቸው፤ ለፊትም ለመንጋጋም ያገለግላሉ። ከዚህ ሌላ ቀጭን፣ እንደ ማር የሚፈስስ ኮምፖዚት አለ። ጠጠሩ ያነሰ ስለሆነ ለጠባብ ስንጥቅና ከሥር ለማንጠፍ እንጂ ብቻውን ትልቅ መንጋጋ ለመሙላት አይሆንም።

ኮምፖዚት የሚወደደው በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ሥራው ረጅም ስለሆነ ነው። ጥርሱ ይጸዳል፤ 37 በመቶ በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ15 ሴኮንድ ያህል ይቀባል፤ ይታጠባል፤ ማጣበቂያው ይቀባል፤ በመብራት ይጠነክራል። ከዚያ ኮምፖዚቱ 2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ንብር ይደረግና ለ20 ሴኮንድ ያህል ሰማያዊ መብራት ይበራበታል፤ ደግሞ ሌላ ንብር፣ ደግሞ መብራት። በአንዴ 4 ሚሊ ሜትር የሚሞላ በልዩ ሁኔታ የተሠራ ዓይነትም አለ፤ ያም ቢሆን መብራቱ ጠንካራ መሆን አለበት። በዚህ ሁሉ መካከል የምራቅ ጠብታ ገባ ማለት ማጣበቂያው አልያዘም ማለት ነው። ሐኪሙ ጥጥ የሚጎሰጉሰው፣ አንዳንዱም አፋችንን በላስቲክ የሚሸፍነው ለዚህ ነው። ሥራው የተጣደፈ እንደሆነ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ የሚያሰናብት ካጋጠማችሁ፣ ወይ የሞላው ኮምፖዚት አይደለም፣ ወይ ኮምፖዚት ሆኖ አልተሞላም።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ዘመዴ ስሙን የማልጠራው ቦታ መንጋጋውን አስሞልቶ ለወራት ቀዝቃዛም ትኩስም ሲነካው ያመው ነበር። ናይሮቢ ሲከፈት ላዩ ጠንክሮ ከሥር እንደ ማስቲካ ለስልሶ ተገኘ። መብራቱ የደከመ ነበር። ባትሪው ያረጀ፣ ጫፉ የቆሸሸ መብራት ከውጭ ሲታይ ሰማያዊ ነው፤ የሚሠራ ይመስላል። በእኛ ከተማ ኤሌክትሪክ ሲመጣና ሲሄድ ይህ ነገር ማንንም ሊያጋጥም ይችላል። ሐኪሙን «መብራቱን ትለኩታላችሁ ወይ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መለኪያ አለው። ልጆች ደግሞ መብራቱን ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ ዓይን ይጎዳል። ብርቱካናማው መከለያ የተሠራው ለዚህ ነው።

ድቅሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ሬዚን የተጨመረበት ግላስ አዮኖመር አለ፤ በራሱም ይጣበቃል፣ በመብራትም ይጠነክራል፣ ፍሎራይድም ይሰጣል፤ ከድድ አጠገብ ለተበላ ጥርስና ለሕፃናት ጥርስ ይመቻል። በ1990ዎቹ የመጣው ኮምፖመር ደግሞ ስሙ ከሁለቱ ተቀጥሎ ቢወጣም አባቱን ነው የሚመስለው፤ ወደ ኮምፖዚት ያደላል፣ ማጣበቂያ ይፈልጋል፣ የሚሰጠው ፍሎራይድም ትንሽ ነው። ለሕፃናት ተብሎ ሰማያዊና ሮዝ ሆኖ የሚሠራ እንኳ አለ፤ እሱን ነጭ ማለት ይከብዳል። ከላቦራቶሪ ተሠርቶ መጥቶ የሚለጠፍ የሸክላ ሙሌትም አለ። ለዚያ ግን ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው፤ ሁለቱም ከዚህ 800 ኪሎ ሜትር ግድም ናቸው።

እንግዲህ የእኅቶቻችንን ክርክር በዚህ እንየው። ሁለቱም የተሞሉት ሁለት ጥርሶች በሚገናኙበት ጎን በኩል የተቦረቦረ መንጋጋ ነበር። ርካሹ ግላስ አዮኖመር ከነበረ ሐኪሙ ሐሰት አልተናገረም፣ ነጭ ነው፤ ዕቃውም መጥፎ አልነበረም፤ ቦታው ግን ለእሱ የከበደ ነበር። ውዱ ኮምፖዚት ከነበረ ደግሞ የተከፈለው ለአንድ ዓይነት ዕቃ እጥፍ ሳይሆን ለሌላ ዕቃና ለረጅም ሥራ ነው። በሌላ በኩል ርካሹ ኮምፖዚት ሆኖ ዓመት ሳይሞላው ከተሸረፈ፣ ያን ጊዜ ተመልሶ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ፍርዱ የሚለወጠው በአንድ ቃል ነው፤ ያ ቃል ግን ካርዱ ላይ የለም።

የጎኑ ነገር ቀላል አይደለም። በሕፃናት የወተት ጥርስ ላይ በግላስ አዮኖመር የተሠሩ ሙሌቶችን የመረመሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ጉድጓዱ በአንድ ገጽ ብቻ ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ከ100 ሙሌቶች ከ90 በላይ ጸንተው ተገኝተዋል። ሁለት ገጽና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ጸንተው የተገኙት ከ60 ብዙ አልዘለሉም። ዕቃው ያው ነው፣ የተለየው ቦታው ነው። ስለዚህ «ምን ዓይነት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ጉድጓዱ ስንት ገጽ ነው?» የሚለውን አብራችሁ ጠይቁ።

ስለ ቀለምም የሚጠይቁኝ አሉ። ሐኪሞች እንደ እኔ የቀለም ናሙና አላቸው። በ1956 ቪታ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ያወጣው ናሙና 16 ዓይነት የጥርስ ቀለም አለው፤ በኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ይመደባል። ኤ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ቢ ወደ ቢጫ፣ ሲ ወደ ግራጫ፣ ዲ ግራጫ ሆኖ ቀላ ያለ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ይጠቁራል። ናሙናው መታየት ያለበት ከመጀመሪያው፣ ጥርሱ እርጥብ ሳለ፣ በቀን ብርሃን ነው። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል፤ ደርቆ ሳለ የተመረጠ ቀለም ነገ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የሊፒስቲክ ቀለም ሐኪሙን እንደሚያሳስት ለሴቶቹ እነግራለሁ፤ ጠርጋችሁ ግቡ።

ከውንጂ፣ ከዝዋይና ከመቂ አካባቢ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ የራሳችሁ ጉዳይ አለ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከልክ ያለፈ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በውንጂ የስኳር እርሻ ጉድጓዶች ከ10 በላይ የተገኘበት ጊዜ ነበር። ፍሎራይድ በልኩ ጥርስን ይጠብቃል፣ ሲበዛ ግን ገና ጥርስ ሲሠራ በልጅነት ሽፋኑን ያበላሸዋል፤ ቡናማም ያደርገዋል። ብዙዎች ይህን በንጽሕና ጉድለት ይመስላቸዋል፤ በዚህም ወጣቶቻችን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ሊሸፈን ይችላል። ኮምፖዚት ከፊት ተለብጦ ይሠራል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሽፋን አሲዱን ስለሚቋቋም ሐኪሙ ለማሻከር ከተለመደው ጊዜ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ የየት አገር ውኃ ጠጥታችሁ እንዳደጋችሁ ንገሩት። ከዚህ ሁሉ በፊት በልዩ መንገድ ላዩን ፍቆ ወይም አንጥቶ ማቅለል ይቻል እንደሆነም ጠይቁ፤ እሱ ይረክሳል፣ ጥርሱንም ብዙ አይነካም።

ብረቱን ሙሌት፣ አማልጋም የሚባለውን፣ አልረሳሁትም። ነጭ ስላልሆነ የዛሬው ርዕሳችን አይደለም፣ ነገር ግን ነጩን ማወቅ የሚያስፈልገን በእሱ ምክንያት ጭምር ነው። ግማሹ ያህል ሜርኩሪ ነው። በ2013 የጸደቀው፣ በጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ስም የተጠራው የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች በ2022 ባደረጉት ጉባኤ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አማልጋም እንዳይሞላ ወሰኑ። በ2025 ደግሞ ጄኔቭ ላይ በ2034 ጭራሹን እንዲቀር ተስማሙ። ይህን ሰምታችሁ ደኅናውን የቆየ ብረት ሙሌት «ይውጣልኝ» ብላችሁ እንዳትሮጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 በግልጽ እንዳለው፣ በደኅና ሁኔታ ያለን አማልጋም የሕክምና ምክንያት ከሌለ ማስወጣት አይመከርም። ሲወጣ ደኅናው ጥርስም አብሮ ይቆረጣል፤ ሜርኩሪውም ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የሚተንነው።

አሁን ወላጆች ሁሉ ስሙኝ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ወላጅ ልብ አይለውም። ከፊት መሐል ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ስድስተኛው ነው። ይህ ጥርስ ተተኪ የለውም፤ እስከ እርጅና የሚያገለግለው እሱ ነው። ጣፋጭ ቻይና ሶዳ በሚበዛበት በዚህ አገር ቶሎ የሚበሰብሰውም እሱ ነው። ስንቱን ወላጅ አይቻለሁ፣ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀል፣ ሌላ ይበቅላል» ሲል! አይበቅልም። ለመንቀል የሚከፈለውና ጉድጓዱ ገና ትንሽ ሳለ በግላስ አዮኖመር ለመሙላት የሚከፈለው ልዩነቱ አንድን ልጅ ጥርሱን የሚያሳጣ አይደለም። የወተት መንጋጋም ቢሆን የኋለኞቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይሠራሉ፤ በሦስተኛ ዓመቱ የሚነቀልበት ልጅ ሰባትና ስምንት ዓመት በድዱ ያኝካል።

እንዲህ ላለው ሥራ መሣሪያ ላይኖር ይችላል ለምትሉ፣ የጎረቤታችን የታንዛኒያ ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ የተጀመረ፣ ኤ አር ቲ የሚባል የአሞላል ዘዴ አለ፤ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ኤሌክትሪክም የሚሽከረከር መሰርሰሪያም አያስፈልገውም። የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ይጠረግና በግላስ አዮኖመር ይሞላል፤ በብዙ ልጆች ላይ ማደንዘዣ መርፌ እንኳ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት ግላስ አዮኖመርን በ2021፣ ኮምፖዚትን ደግሞ በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ይህ የሀብታም ነገር ነው» ብትባሉ፣ አይደለም በሉ።

የመጨረሻው ነገር ካርዱ ነው። እኛ የድንበር ሰዎች ነን። ዛሬ እዚህ እንታከማለን፣ በሚቀጥለው ወር ኬላውን ተሻግረን፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለጉዳይ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ስንሄድ። በ2020 የጋራው የድንበር ኬላ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ቀሎልናል። ሦስተኛው ሐኪም የመጀመሪያው ምን እንደሞላ አያውቅም፤ ገምቶ ይከፍታል። ስለዚህ ትንሽ ካርድ አሳትሜአለሁ። የትኛው ጥርስ፣ ስንት ገጽ፣ የዕቃው ስም ምን፣ ቀለሙ ስንት፣ ቀኑ መቼ የሚሉ አምስት መስመሮች አሉት፤ በአማርኛና በስዋሂሊ ነው። ከመሞላታችሁ በፊት ለሐኪሙ ስጡት፤ ከፈለገ በራሱ ቋንቋ ይሙላው። ከምሳው በኋላ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ካለቀም ሱቅ አለ፤ ዋጋ የለውም። ልጄም ዛሬ አብራን አለች፤ ጥያቄ ያላችሁ እሷን ጠይቁ፣ ከእኔ የተሻለ ትመልስላችኋለች።